ቅርፊት የሌለው

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ለብዙ ሰው ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቃል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከውሃ ውስጥ የሚበላውን ክንፍና ቅርፊት ባለው ይወስነዋል፤ አምባዛ ክንፍ አለው፣ ቅርፊት ግን የለውም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የየዓመቱ ክርክር ሳይነሳ ገና፣ እሱ ከእናቴ ማዕድ ወጥቷል።

እኔ እበላዋለሁ። ጳውሎስ፣ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ ካለች ዓሣ ቤት ነው የምገዛው። ጉላሽ ሆኖ ሲቀርብ ቅርፊቱን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

ስለ አኗኗሩ ማንበብ የጀመርኩት ማታ ማታ፣ ኮድ ሲሰለቸኝ ነው። አምባዛ የታች ነዋሪ ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ የደጋውን አፈር ጠርገው ያመጡለታል፣ ውሃው ይደፈርሳል። እዚያ ውስጥ ዓይን ብዙም አይጠቅምም፤ የአምባዛ ዓይን ራሱ ለጭንቅላቱ የማትመጥን ትንሽ ነጥብ ናት። በምትኩ አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው። ጢሞቹ ይዳስሳሉ፣ ይቀምሳሉም። መቅመሻው በቆዳው ላይም ስለተበተነ፣ ሙሉ ገላው ምላስ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሌላ እንስሳ ሲንቀሳቀስ የሚፈጥረውን ደካማ ኤሌክትሪክ እንኳ ይለያል። (እኛ አንድ ሴንሰር ከሲስተም ጋር ለማገናኘት ሳምንት እንፈጃለን።) ትል፣ ነፍሳት፣ ትንንሽ ዓሣ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ያገኘውን ይበላል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አተነፋፈሱ ነው። እንደማንኛውም ዓሣ በውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት አካል በላይ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ሌላ አካል አለው፤ በሱ ከላይ አየር ይስባል። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ይቆያል። ዝናባማ ሌሊት ከሆነ ደግሞ በእርጥቡ መሬት ላይ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ ይሻገራል። ዓሣ፣ በሣር ላይ!

እናቴ የወረታ ልጅ ናት። አሁን ለዓይን ሕክምና እኔ ጋ ነው ያለችው፤ ግራው ጠፍቷል፣ ቀኙ ጥላ ብቻ ነው የሚያሳያት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ፌስታል ይዤ ገባሁ፤ ለሷ ቆሮሶ፣ ለኔ አምባዛ። ምንም ሳልላት እጇን ሰደደችና፣ "ይሄኛው አምባዛ ነው፤ በኔ ድስት እንዳትሠራው" አለች። ቆዳው ተገፎ፣ ተቆራርጦ ነው እኮ የመጣው!

"እንዴት አወቅሽ እማዬ?"

"ልጅ ሆነን ጭቃ ውስጥ በእጃችን ስንፈልገው ነው ያደግነው።"

ፎገራ ሜዳ ላይ ማለቷ ነው። ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ ሸሸርና ወላላ ላይ ውሃ ይተኛል። አምባዛ ያኔ ከጣና ወጥቶ ወደዚያ ይመጣል፤ እንቁላሉን በተጥለቀለቀው ሣር ላይ ያጣብቅና ይሄዳል። አይጠብቀውም፣ አያሳድግም። እንቁላሉ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ ጥልቀት በሌለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ያድጋሉ። እናትየው ትታቸው ብትሄድም ሜዳው ያሳድጋቸዋል ማለት ነው። ለዚህ ግን ውሃው መቆየት አለበት፤ ዘንድሮ ያን ያህል የሚቆይ ውሃ እያነሰ ነው። ረግረጉ ለእርሻ ይጠነፈፋል፣ የተረፈው በበጋ በፓምፕ ይሳባል። እንቦጭ ጣናን ሲወር አገር ሁሉ ጮኸ፤ ለሸሸር የጮኸ ሰው ብዙም አልሰማሁም።

"ሸሸር አሁንም ውሃ ይተኛበታል?" አለችኝ።

ላፕቶፔ ላይ የመጋቢት የሳተላይት ምስል ከፈትኩ። ማሳ በማሳ ላይ፣ መሃል ላይ የቀረች ጥቁር ውሃ። ልታየው ስለማትችል መዳፏን ዘርግቼ በጣቴ ሳልኩላት፤ መጀመሪያ ሜዳውን፣ ከዚያ ውሃውን።

"ይቺን ታክላለች?"

"አዎ።"

ዝም ካለች በኋላ ሽንኩርት እነማን እንደሚያለሙ ትቆጥርልኝ ጀመር፤ ጎረቤቶቿን፣ የአክስቴን ባል፣ ታናሽ ወንድሟን። አጎቴ አራት ልጆች ያስተማረው በዚያ ሽንኩርት ነው። "ምን ይብሉ ታዲያ?" አለች፣ እኔ ምንም ሳልናገር። የምመልስላት አልነበረኝም። ቆሮሶዋን ጠበስኩላት፣ አምባዛዬን በሌላ ድስት ጣድኩ።