ውሃ የለመኑት እናት



ከእንጅባራና ከዳንግላ የጸሎት ኅብረታችን ስድስት ሆነን ለጉባኤ አዲስ አበባ ሄደን ነበር። ከመመለሳችን በፊት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለመጠየቅ ተስማማን። ሳሙናና ብስኩት ገዝተን ገባን።

አንዲት እናት አልጋቸው ላይ ሆነው ያለማቋረጥ ይናገራሉ። የምትንከባከባቸው ልጅ «እማማ ይቃዣሉ፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ናቸው» አለችን። ከመካከላችን አንከሻ ያደገች እህት ጠጋ ብላ ሰማቻቸውና ደነገጠች። እማማ የሚናገሩት በአገውኛ ነበር፤ የሚለምኑትም ውሃ ነበር። እርጅና አማርኛቸውን ወስዶባቸው የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ቀርቶላቸዋል። ጠጥተው ሲረኩ የእህታችንን እጅ ይዘው ስለ አባታቸው ፈረስ ያጫውቷት ጀመር።

ልጅቷን በልባችን ለመውቀስ ፈጠንን። ኋላ ስንጠይቃት ግን ሰላሳ ያህል አረጋውያንን ብቻዋን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች። የሌሊቱም ተረኛ እሷው ነበረች። ስጦታችንን ተቀብላ «እግዚአብሔር ይስጥልን። ሳሙና እንኳ አለን፤ ያጣነው የሚያጥብ እጅ ነው» አለችን። አፈርን።

ስንመለስ በመንገድ ላይ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አነበብን። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት ወገኖች መበለቶች በዕለታዊው አገልግሎት ተረስተው ነበር። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም፤ «እንጸልይላቸዋለን» ብለውም አላሰናበቷቸውም። በመንፈስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ሰዎች ለሥራው እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። የተረሱትን እንዲያገለግሉ የተሾሙት ቋንቋቸውን የሚሰሙ ሳይሆኑ አልቀሩም። ማዕድ ማቅረብ መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰው የሚመደብበት ሥራ መሆኑን ያን ቀን አስተዋልን።

በሀገራችን መቄዶንያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» እያለ የወደቁትን ሲያነሣ አይተናል። ለመጀመር በእርግጥ ሰው መሆን ይበቃል። ሌሊቱን ለማንጋት ግን የሠለጠነ፣ ደመወዙ የሚከፈለው፣ ሲደክመው የሚተካው ያለው ሰው ያስፈልጋል።

እኛ አዊ ውስጥ «ሽማግሌ የሚጦረው በልጆቹ ቤት ነው» እያልን ጉዳዩ የማይመለከተን ይመስለን ነበር። አሁን ለበዓል ስጦታ የምናዋጣውን ገንዘብ ለአንዲት የሌሊት ረዳት ደመወዝ አድርገነዋል። አዲስ አበባ የሚኖሩ አገውኛ የሚችሉ ወንድሞችና እህቶችም ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ እማማን ይጠይቃሉ። እዚህ ዳንግላም ሽባ የሆኑ አባቷን ለብቻዋ የምታስታምም ጎረቤት አለችን። በሳምንት አንድ ሌሊት እኛ እናድርና እሷ ትተኛለች።

ወገኖች፣ በአካባቢያችሁ ማን ብቻውን እያስታመመ ነው? የማንን ልመና ቅዠት ነው ብለን አልፈነው ይሆን?

ጌታ ሆይ፣ የምንሰማበት ጆሮ፣ የምናገለግልበትም ጊዜ ስጠን። ያስታመሙትንም አሳርፋቸው። አሜን።