በወልቂጤ ሄደን በቡታጅራ የተመለስንበት መስቀል

በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ተራራ አለ። በካርታ ላይ ለሚያያቸው ሰው ሁለቱ ከተሞች ጎረቤታሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ግን አንዷ በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሌላዋ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐላቸው የዘቢዳር ሰንሰለት ተጋድሟል። እኔ ወልቂጤ ተመደብኩ፤ እሱ ቡታጅራ ይሠራ ነበር። በፍቅራችን የመጀመሪያ ዓመት ትልቁ ወጪያችን የሚኒባስ ሒሳብ ነበር።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለማስተማር ስሄድ ስለ ጉራጌ አገር የማውቀው አዲስ አበባ ውስጥ ያየኋቸውን የክትፎ ቤቶች ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ግቢያችን ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ወልቂጤ ወርደን ምሳ ልንበላ ተቀመጥን፤ እኔም፣ «ክትፎ፣ በደንብ ይብሰልልኝ፤ በእንጀራ» ብዬ አዘዝኩ። አስተናጋጇ መልስ ሳትሰጠኝ ቆመች። ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ አንድ ሰው፣ «ታዲያ ጥብስ ብትዪያት አይሻልም?» አለ። ሳያውቀኝ «አንቺ» ማለቱ አናደደኝ። ዞሬ ሳየው ግን እሱ ራሱ ባለው ነገር ደንግጦ ነበር።

ቡታጅራ በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት ጥናት በየቤቱ እየዞረ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለረጅም ዓመታት ሲመዘግብ ቆይቷል። የኔው ሰውም የሚሠራው በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ስለነበር አጠያየቁ ሁሉ የቆጠራ ነው። ሌላው ሰው ሲተዋወቅ ስም ይጠይቃል፤ እሱ፣ «ቤታችሁ ስንት ሰው ነው? ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ብሎ ጀመረ። ይቅርታ ለመጠየቅ መሆኑን ያወቅሁት ሒሳባችንን ከፍሎ ሲወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ የመንገድ ቀን ሆኑ። አንዱን ሳምንት እሱ ተራራውን ይሻገራል፤ አንዱን ሳምንት እኔ። ወደ ወልቂጤ ሲመጣ ዋቤ ወንዝ ወርደን ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ቡታጅራ ስሄድ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ በስልጤ በኩል ወዳለው ሐረ ሸይጣን ወሰደኝ። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ከላይ ከአፋፉ ሆነው ሲያዩት ከእግር ሥር ያለ ይመስላል፤ ድንጋይ ቢወረውሩ ግን ውኃው ጋ አይደርስም። የአካባቢው ሰው ሸይጣኑ ድንጋዩን እየቀለበ ነው ይላል። የኔው ተመራማሪ ደግሞ አፋፉ ሰፊ፣ ገደሉም ጥልቅ ስለሆነ ዓይን ርቀቱን ያሳንሰዋል ብሎ በሰፊው አስረዳኝ። ካስረዳኝ በኋላም መወርወሩን አልተወም። እጁ እስኪዝል ወረወረ። እኔ ሰውን የምመዝነው ሲሸነፍ ነው፤ እሱ ሲሸነፍ እየሳቀ ድንጋይ ይመርጣል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። እኩል መንገድ ላይ አገና አለች፤ እዚያ ተገናኝተን ሻይ ጠጥተን ብንለያይ ሁለታችንም ግማሽ መንገድ እናተርፋለን። ይህን ባልኩት ቁጥር፣ «አገና ብርድ ነው» ይለኛል። ብርድስ ብርድ ነው፤ የእዣ ደጋ እውነተኛ ደጋ ነው። ነገር ግን ብርድ የሚፈራ ሰው እሁድ እሁድ ዘቢዳርን አያቋርጥም። የተወለደው እዚያ አካባቢ መሆኑን፣ ገበያው ውስጥ ከሴት ጋር ሻይ ቢጠጣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወሬው እናቱ ጓዳ እንደሚደርስ ቆይቼ ነው የተረዳሁት።

ለ2006 መስቀል ግን፣ «እንሂድ» አለ። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የምትሄጂው፤ በዓሉን ለማየት የመጣች መምህርት ነሽ ተባባልን። መርካቶ ሱቅ ያላቸው አጎቱ ቮልሳቸውን አዋሱን። ከሁለታችን ድምር ዕድሜ የምትበልጥ፣ ቀለሟ ተደጋግሞ የተቀባ፣ ሞተሯ እንደ ቮልስ ሁሉ ከኋላ ያለ። አጎትየው ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ካምቢዮውን እንዴት እንደሚነኩት፣ ፍሬኑን እንዴት ቀድመው እንደሚይዙት አንድ ሰዓት አስተማሩት። ከዚያ ዕቃ ተጫነ፦ ስኳር፣ ቡና፣ ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ሻሽ፣ ለልጆች ጫማ፣ የጎረቤት የጎረቤት አደራ። የፊት ኮፈኑ የተዘጋው እኔ ተቀምጬበት ነው።

በመስቀል ሰሞን የጅማን መንገድ ያላየ ሰው መንገድ ሞልቶ አይቻለሁ አይበል። ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ሲነግድ፣ ሲያወርድ፣ ሲሰፋ የከረመ ሁሉ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ አድርጎ ወደ አገሩ ይነጉዳል። ሚኒባሱ ላይ ፍራሽ ታስሯል፤ አይሱዙው ላይ ሰው ቆሟል። ወሊሶ ላይ መኪና አጥተው የቆሙ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። ጉብሬ እንድንጥላቸው ለመኑን፤ ከነጥቅላቸው ኋላ ገቡ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ነገራቸው። የአያቱን ስም ጨመሩለት፤ የአያቱን አባትም። ዘመድ ሆነው ተገኙ። ፊቱን በመስታወቱ አየሁት፤ ላብ ጀምሮታል።

«እሷስ?»

«የሥራ ባልደረባዬ ናት አባባ። በዓል ለማየት ነው።»

«እሰይ፣ እሰይ» ብለው ሞባይላቸውን አወጡ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ወንበር ጀርባ ስለሚጮህ እሳቸውም መጮህ ነበረባቸው። በጉራጊኛ ነው የሚያወሩት፤ አንድ ቃል አልገባኝም። አሽከርካሪው ግን ጆሮው ቀላ። «ምን እያሉ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ስለ በሬ ዋጋ ነው» አለኝ።

ወልቂጤ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። የቮልስ ቅያሪ ጎማ የሚቀመጠው ፊት ኮፈን ውስጥ ነው፤ ያም ማለት ስኳሩ፣ ቡናው፣ ጫማውና የጎረቤት አደራው ሁሉ አስፋልት ዳር መዘርገፍ አለበት። ክሪኩን ስንፈልግ የለም። ሱቅ የዘረጋን የመሰለው አንድ ሚኒባስ ሙሉ ወጣት ቆመልን። ክሪክ የለም ስንላቸው ተያይተው ሳቁና ቮልሷን አራቱ በእጃቸው አነሷት። እሱ ጎማ ሲፈታ እኔ ብሎኖቹን በቀሚሴ ይዤ ቆምኩ። ሽማግሌው ጥላ ሥር ሆነው ሌላ ስልክ ደወሉ።

ከወልቂጤ ወደ ውስጥ ስንታጠፍ ሽማግሌው ወንበሩን መታ መታ አደረጉት። «ይህን መንገድ ያሠራሁት እኔ ነኝ!» ጉራ መስሎኝ ነበር። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች በጄኔራል ወልደሥላሴ በረካ አስተባባሪነት ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመዋል፤ መንግሥት እስኪደርስላቸው አልጠበቁም። ሽማግሌው ያኔ መርካቶ ተሸካሚ ነበሩ፤ ከተሸከሙበት ቀንሰው ሰጥተዋል። ስለዚህ «እኔ ነኝ» ማለታቸው ሒሳብ ነው እንጂ ጉራ አይደለም። ስለ ጉራጌ ንግድ ብዙ የሚወራ አለ፤ ስለዚህ መዋጮ ግን ሲወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጉብሬ ጥለናቸው በአገና በኩል ሰፈሩ ስንደርስ ከጀፎሮው ጫፍ ላይ ሰው ቆሞ ጠበቀን። ጀፎሮ ማለት ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚያዩት ሰፊ የሣር አውድማ ነው፤ መንገድም ነው፣ ለቅሶም ሠርግም የሚውለው እዚያ ነው። መኪናዋ ስትቆም ሴቶቹ እልል አሉ። እናትየው መጥተው አገላብጠው ሳሙኝ። ወደ እሱ ዞሬ፣ «እኒያ ሰውዬ ምንድን ነው ያሉት?» አልኩት።

«ምራታችሁን ይዞላችሁ እየመጣ ነው፤ የጎጃም ልጅ ናት አሉ። ከዚያ ደግሞ ደውለው፣ ብሎን ትይዛለች አሉ።»

ከዚህ በኋላ «መምህርት» የምትባል እንግዳ አልነበረችም። ጓዳ ገባሁ።

የአዲስ አበባ ክትፎ ቤት የሚያቀርበው የዚህን በዓል የመጨረሻዋን ጉርሻ ነው። ሌላው ሁሉ እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው የቀረው። ቅቤውን ሴቶቹ ለወራት አጠራቅመውታል፤ ውጆ የሚሉት የሴቶች የወተትና የቅቤ ዕቁብ አላቸው። ለበሬው ወንዶቹ ዓመቱን ቆጥበዋል። ቆጮው ከእንሰት ተፍቆ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ሰንብቷል፤ እንሰቱ ራሱ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል። ከእርዱ በፊት የጎመን ክትፎ ምሽት አለ፦ ጎመኑ ደቆ፣ በቅቤና በአይብ ታሽቶ በጣባ ይቀርባል። እውነቱን ልናገርና ከሥጋው ይልቅ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። አማቴ (ያኔ ገና አማቴ አልነበሩም፤ እሳቸው ግን ወስነው ጨርሰዋል) ጎመን እንድከትፍ ቢላዋ ሰጡኝ፤ ትንሽ አይተው፣ «የኔ ልጅ፣ ይህ ለበግ ነው፤ ለሰው አድቂው» አሉኝ።

ክትፎውን ጥሬውን በላሁ። ማን ቆጠረኝ መሰላችሁ? ሰፈሩ በሙሉ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ስውጥ አንዲት አሮጊት አጨበጨቡ። ቆጮው ግን አስቸገረኝ፤ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ጥርስ ላይ ይንቀረፈፋል፤ የተለማመድኩት ሦስተኛው ቀን ላይ ቡና ሲጠጣ ነው። ማታ ደመራው ጀፎሮው ላይ ሲነድ ሽማግሌዎቹ ረጅም ምርቃት መረቁ። ከበዓሉ በፊት የተጣላ እንዲታረቅ ይፈለጋል፤ ከአጎራባች ቤት አኩርፎ የነበረ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ከአባትየው አጠገብ ሲቀመጥ ማንም ምንም አላለም፤ ጣባ ብቻ ቀረበለት። ከእርዱ በኋላ ያሉት ቀናት ደግሞ የወጣቶቹ ናቸው፤ የሚተጫጭ የሚተጫጨው ያኔ ነው። እኛ ባልደረቦቹ ያን ቅደም ተከተል አፋልሰን ነበር የደረስነው።

ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ የመስቀል በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። ሬዲዮ ላይ ስሰማው የታወሰኝ ያ ጎልማሳ ነው።

ከሰፈሩ ስንመለስ፣ «በመጣንበት አንመለስም» ብሎ ቮልሷን ወደ ዘቢዳር አዞራት። ጉሙ ከመብራቱ በላይ ወፍራም ነበር። እሱ ይነዳል፤ እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ዳሩን እነግረዋለሁ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ በሬ፣ ልጅ። ያን ያህል ርቀት ሳንጨቃጨቅ ስንሄድ ያኔ የመጀመሪያችን ነው። ቡታጅራ ስንወርድ ፀሐይ ነበረች። አከራዩ ሐጂ በር ላይ ጠብቀው፣ «መስቀልን በላችሁ፤ አረፋ ደግሞ የኛ ነው» አሉን። በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው ጥቅምት 5 ነው፤ መስቀል ካለፈ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። የጉራጌ ሙስሊም ደግሞ ለአረፋ አገሩ የሚገባው ክርስቲያኑ ለመስቀል እንደሚገባው ነው። ስለዚህ መንገዱ እንደገና ሞላ፣ በሬ እንደገና ተወደደ፣ እኔም እንደገና ተራራውን ተሻግሬ የሐጂ ቤት ምግብ በላሁ። የዚያ ወር ልብሴ በሙሉ ጠቦኝ ነበር።

በዚያው የመስቀል ጉዞ ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ጢያ ላይ ቆምን። 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፤ 32ቱ የተቀረጸባቸው፣ ብዙዎቹ ላይ የጎራዴ ምስል ያለባቸው። ከ1980 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እሱ ጎራዴዎቹን ቆጠረ፤ መቼም አይተውም። እኔ ጥላው ሥር ተቀምጬ ከአማቴ የተላከውን ቆጮ በላሁ።

መርካቶ ስንደርስ አጎትየው ቮልሷን ዞረው ዞረው አዩዋት። የተቀየረውን ጎማ በእግራቸው ነካ አደረጉ፤ የፊት ኮፈኑን ከፈቱ። ስለ ክሪኩ አልጠየቁም፤ ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ያውቁ ነበር መሰለኝ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና፣ «ጥር ነው ወይስ ከፋሲካ በኋላ?» አሉ። ሽማግሌው ለእሳቸውም ደውለዋል።

ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ቮልሷ ከተሸጠች ቆየች። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ እንደሆነች ስትቀጥል ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ እኛ ግን አሁንም በአንዷ ገብተን በሌላዋ እንወጣለን። በየዓመቱ የምንከራከረው በየትኛዋ እንጀምር በሚለው ነው። እሱ በቡታጅራ ይላል፤ ጢያ ላይ ልጆቹን ጎራዴ ሊያስቆጥር። ጠዋት በዚያ ጉም ውስጥ ተራራ መውጣት እኔ አልፈልግም፤ አሁን ደግሞ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። በወልቂጤ ነው የምንሄደው።