ከጎማው ሥር ያለችው ታኮ

መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ ቁጭ ብለው ቡና ጠጥተው ከሆነ አንድ ነገር ሳያስተውሉ አልቀሩም። የጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒ ከመደርደሯ በፊት ከረከቦቷ አንድ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ትወትፋለች። ካልወተፈች ሲኒዎቹ ወደ አንድ ወገን እየተንሸራተቱ ይከማቹባታል። ጋሪ የሚገፋው ወጣትም ሲቆም መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው ድንጋይ ነው። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነሥታ 2,100 ሜትር አካባቢ ወዳለው አቃቂ የምትወርድ ከተማ ናት፤ መርካቶም የተዘረጋችው በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው። በበጋ ሜዳ መስሎን የምናልፈውን መንገድ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያጋልጠዋል።

ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት እንዲህ ባለ መሬት ላይ መኪና ስለማቆም ነው። ነገሩን በደንብ ያስረዱኝ ሰው ግን የከተማ ሹፌር አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን ትራክተር ላይ የጨረሱ የአርሲ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ጋቢና ነጠላ ሊገዙ መጥተው፣ ዋጋ ሲከራከሩ ደክሟቸው ከእኔ አጠገብ በርጩማ ላይ አረፍ አሉ። በአርሲ ትራክተር እንግዳ አይደለም። ጭላሎ ላይ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ከጀመረበት ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ፣ የስንዴ ማሳና የትራክተር ድምፅ አብረው የኖሩበት አገር ነው።

ቶናው እየተቀዳ ሳለ አንድ አይሱዙ ቦንዳ ጭኖ መጣና አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርጎ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ረዳቱ ከመንገድ ዳር ያገኛትን ክብ ድንጋይ ከኋላ ጎማው ጀርባ በእግሩ ገፋ አደረጋትና ወደ ዕቃው ሮጠ። አባት ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

«አንተ ልጅ፣ ናማ! ይህቺ ምንድን ናት?»

«ታኮ ናት ፋዘር። ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ይዟል፣ አያስቡ።»

እሳቸው ጎንበስ ብለው በድንጋይዋና በጎማው መካከል ሁለት ጣታቸውን አስገቡ። ጣታቸው ሳይነካ ገባ። «ይህን ክፍተት ካገኘ ይንደረደራል፤ ከተንደረደረ ይዘላታል» አሉት። ልጁ አልተከራከረም። ከጓደኞቹ ሁለት ግማሽ ብሎኬት አስመጥቶ፣ በግራና በቀኝ የኋላ ጎማዎች ሥር እስኪጠብቁ ድረስ ወሸቃቸው። አባት ተመልሰው ተቀመጡ፤ ቡናቸው ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ሁሉ ልጽፍልዎ አልችልም፤ ረጅም ነው። ዋናው ግን ይህ ነው። ትራክተር በተዳፋት ላይ ባይቆም ይመረጣል፤ ጥቂት እልፍ ብሎ ሜዳ ካለ እስከዚያ መሄድ ነው። ግድ ከሆነም ከመቀመጫው ከመውረድ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። የትራክተር ፍሬን ሁለት ፔዳል ነው፤ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን የኋላ ጎማ ይይዛል። ማሳ ላይ አጥብቆ ለመዞር አንዱን ብቻ መርገጥ ይጠቅማል፤ መንገድ ላይ ሲወጣና ሲቆም ግን ሁለቱ በመቆለፊያቸው አንድ ላይ መታሰር አለባቸው። ከዚያ የእጅ ፍሬኑ ይሳባል። ከኋላ የተንጠለጠለው ማረሻ ወይም ከፊት ያለው አካፋ መሬት እስኪነካ ይወርዳል። መሬት የነካ ብረት አፈሩን ይይዛል፤ በሃይድሮሊክ የተንጠለጠለ ብረት ግን ዘይቱ ባነሰ ጊዜ በራሱ ይወርዳል፣ ሥሩ ሰው ካለም ሰው ላይ ይወርዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ታኮው በቁልቁለቱ ወገን ይገባል።

«ፍሬኑ ያለው በአብዛኛው ትራክተር ላይ በኋላ ጎማ ብቻ ነው» አሉኝ። «አፍንጫውን ወደ ታች አድርገህ ስታቆመው ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዘውም ይንሸራተታል።» ይህን ሲሉ ባዶ ሲኒያቸውን በመዳፋቸው ላይ አዘንብለው አሳዩኝ።

የስበቱን ነገር በቁጥር ላስቀምጥልዎ። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ 5,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ቢቆም፣ ወደ ታች የሚስበው ኃይል 500 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። አምስት ኩንታል ማለት ነው። ያንን አምስት ኩንታል ቀኑን ሙሉ ሳይደክም እንዲይዝ የምንጠብቀው የእጅ ፍሬኑን አንድ ሽቦና ጥቂት ያለቀ ሸራ ነው። ስለዚህ ሹፌሮች ማርሽ ማስገባትን የሚለምዱት ያለምክንያት አይደለም፦ አፍንጫው ወደ ላይ ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ታች ከሆነ የኋላ ማርሽ። መሪውም ይጠመዘዛል። መኪናው በመንገዱ ቀኝ ቆሞ አፍንጫው ወደ ታች ከሆነ ጎማው ወደ ቀኝ፣ ወደ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ይዞራል፤ ወደ ላይ ከሆነና ጠርዝ ካለ ወደ ግራ ይዞራል፣ ቢንሸራተት የጎማው ጀርባ ጠርዙን ተደግፎ እንዲቆም። ጠርዝ ከሌለ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው፤ ከሄደም ከመንገዱ ይውጣ እንጂ ሰውና መኪና መካከል አይግባ።

ስለ አይሱዙ ግን ለብቻው የምለው አለኝ፤ መርካቶ የምትበላውና የምትለብሰው ከሞላ ጎደል በእሱ ጀርባ የሚመጣ ነውና። እኛ የለመድነው አነስተኛው የጭነት አይሱዙ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን አይደለም። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ዘንጉ ከተያዘ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ይያዛሉ፤ ሁለቱም መሬት ላይ እስካሉ ድረስ። ጎማ ሊቀይሩ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ያነሡ ቀን ግን ነገሩ ይለወጣል። ዲፍረንሻሉ አየር ላይ ያለውን ጎማ ወደ ኋላ እያዞረ፣ መሬት ላይ ያለውን ወደፊት እንዲሄድ ይለቀዋል። ፍሬኑ ተስቧል፣ ማርሹ ገብቷል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ክሪኩ ይወድቃል፤ ከሥሩ ደግሞ ሰው ተኝቶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መኪና በተዳፋት ላይ በክሪክ ከማንሣት በፊት በቀሩት ጎማዎች ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ ማስገባት የግድ ነው። ይህን የማያውቅ ረዳት ካለዎት ዛሬ ማታ ይንገሩት።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ነገር የሚቀረው ድንጋይ ነው። ዕቃው ይራገፋል፣ ሹፌሩ ይቸኩላል፣ መኪናው ወደፊት ይሄዳል፣ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። አመሻሽ ላይ ሞተር ሳይክል ይመጣበታል። ራሱ ላይ ጣቃ የተሸከመ ሰው ይመጣበታል፤ ተሸካሚ ደግሞ እግሩን አያይም። እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት በዚሁ ሰፈር እንዲህ በተተወ ብሎኬት ተሰናክዬ ጉልበቴ ለሦስት ሳምንት አላራምድ ብሎኝ ነበር። አባትም ይህን ስነግራቸው «የእኔ ታኮ እኮ እንጨት ናት፤ በገመድ ትራክተሩ ላይ ታስራለች፤ እኔ ስሄድ ትከተለኛለች» አሉኝ። ማዕዘኗ ሾጠጥ ያለች፣ ጎማው ሥር ጠልቃ የምትገባ የእንጨት ሽብልቅ ናት። ማንኛውም አናጢ ከጠንካራ እንጨት ይቆርጣታል።

ሸማ ተራ ላይ ደግሞ የመኪና አቋቋም ነገር ከመንሸራተትም ያልፋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማታ በዚህ ሰፈር እሳት ተነሥቶ ሱቆች ሲወድሙ፣ እሳቱን ለመቆጣጠር ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የመንገዱ ጥበትና መጨናነቅ ነበር። መኪና ሲቆም የሚታሰበው የራሱ ጎማ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከኋላው የእሳት አደጋ መኪና ቢመጣ ያልፋል ወይ ተብሎም ይታይ። ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ ሦስት ሕንፃ አልፎ ምሳ ሊበላ ከሄደ፣ በታኮ የታሰረ መኪና በእሳት ቀን ማን ያነሣዋል?

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አይሱዙው አራግፎ ጨረሰ። ረዳቱ ሁለቱን ግማሽ ብሎኬቶች አንሥቶ ግድግዳ ጥግ አስቀመጣቸውና ወደ እኛ እጁን አነሣ። አባትም አነሡለት።

እርስዎ በሸማ ተራ ወይም በሌላው ተራ ሱቅ ካለዎት አንድ ነገር ልለምንዎ። ዕቃ የሚያራግፍልዎት መኪና የሚቆመው በእርስዎ በር ላይ ነው፤ ከታች የሚያልፉትም የእርስዎ ደንበኞች ናቸው። ለአናጢ ይንገሩና ሁለት የእንጨት ታኮ ያሠሩ። ገመድ ያስሩባቸውና ከበርዎ ጀርባ ይስቀሉ፤ መኪና በመጣ ቁጥር ለረዳቱ ይስጡት፤ ሲሄድም ይቀበሉት።