አጋምን ንቆ ብሉቤሪን ማድነቅ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ብሉቤሪ ስለሚባለው ሰማያዊ ፍሬ አንድ ነገር ሳታነቡ የቀራችሁ አይመስለኝም። ልብን ይጠብቃል፥ አእምሮን ያነቃል፥ እርጅናን ያዘገያል እየተባለ በየገጹ ይወደሳል። እኔ የማስተምረው በሐራ ነው። የወልድያንና የመርሳን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ሐራን ያውቃታል፤ ሌላውም ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ስለ ተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሲወራ ሐራ ገበያ የሚለውን ስም ሰምቶ ይሆናል። በዚህ አገር ብሉቤሪ የቀመሰ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ዳሩ ግን ከዕረፍት በኋላ ምላሱ ወይን ጠጅ መስሎ ወደ ክፍል የሚገባ ተማሪ ሞልቷል። ምን በላህ ሲሉት አፉን በእጁ ይሸፍናል። የበላው አጋም ነው።

እንዲህ አፍን ስለሚያሸፍነው ነገር ነው ልጽፍላችሁ የፈለግሁት።

አስቀድሞ ብሉቤሪ በእውነቱ ምን እንደ ሆነ እንይ። ፍሬውን ሰማያዊ ያደረገው አንቶሳያኒን የተባለው ቀለም ነው፤ አጋምም ሲበስል የሚጠቁረው በዚሁ የቀለም ወገን ነው። በ100 ግራም ብሉቤሪ ውስጥ ወደ 57 ካሎሪና 10 ሚሊግራም ያህል ቪታሚን ሲ ይገኛል። በመርሳ ገበያ የምንገዛው ብርቱካን በዚህ በኩል አምስት ጊዜ ያህል ይበልጠዋል፤ ይህን ግን ማንም ሲያወራው አልሰማሁም። ስለ ደም ሥር ጤንነት የተደረጉት ምርመራዎች መጠነኛ ተስፋ አሳይተዋል፤ መድኃኒት ነው የሚለው ግን የነጋዴ ቃል ነው።

ይልቅስ እኔን የገረመኝ የፍሬው ታሪክ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ ብሉቤሪ በአሜሪካ ከዱር የሚለቀም ፍሬ ነበረ። ፍሬድሪክ ኮቪል የተባለው የዕፀዋት ሊቅ ቁጥቋጦው ኮምጣጣ አፈር እንደሚወድ ደረሰበት። በኒው ጀርሲ የምትኖር ኤልሳቤጥ ዋይት የተባለች የገበሬ ልጅ ደግሞ፥ ትልልቅ ፍሬ የሚያፈራውን ቁጥቋጦ ፈልገው እንዲያሳዩአት የአካባቢዋን ለቃሚዎች እየከፈለች አሰማራች፤ ፍሬውን የሚለኩበት ቀዳዳ ያለው መለኪያም ሰጠቻቸው። ሁለቱ ተባብረው ያለሙት ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1916 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ወጣ። ልብ በሉ፤ ሊቁ ስለ አፈሩ ዐወቀ፥ ጥሩው ቁጥቋጦ የት እንዳለ የሚያውቁት ግን ለቃሚዎቹ ነበሩ። የእኔም ተማሪዎች የትኛው አጋም እንደሚጣፍጥ፥ የትኛው እንደሚመር አንድ በአንድ ይለያሉ። ይህን ዕውቀት የሚጠይቃቸው ፈተና ግን የለም።

አንድ ቀን ጥቂት አጋም በሰሐን ይዤ ለአከራዬ አቀረብሁላቸው። እማማ ፍሬውን አዩና ሰሐኑን ቀስ አድርገው ወደ እኔ መለሱት። «ልጄ፥ ይህ እኮ የክፉ ቀን ምግብ ነው፤ ደግ ቀን ሲሆን ለልጆችና ለወፍ እንተወዋለን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ የደረሰባትን ረሀብ የሚያውቅ ሰው የዚያን ዝምታ ምክንያት አያጣውም። የልጆቹም እፍረት የተወረሰው ከዚህ ይመስለኛል፤ ዱር የለቀመ ሰው ቤቱ እንጀራ የለም ይባላልና። እማማን አልተከራከርኋቸውም፤ ተማሪዎቼን ግን እከራከራቸዋለሁ።

«አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሾሁ ስለ ክፋት ምሳሌ ሆነ፤ ስለ ፍሬው ተረት ያወራ ሰው ግን አልሰማሁም። ያው እሾህ ለአጥር ያስመርጠዋልና ቁጥቋጦው ፍሬ ሳይሰጥ ተቈርጦ ይወሰዳል።

እስቲ ሞክሩት። ቀዩ ገና ነው፤ ጥቁሩን ምረጡ፤ ያልበሰለው ነጭ ወተት አለውና አፍን ያጣብቃል። በጥሬው መብላት ይበቃል፤ ሲበዛ ግን በጥቂት ውኃ ቀቅላችሁ ፍሬ ፍሬውን በወንፊት አጥሩና ስኳር ጨምራችሁ ማንኪያ ላይ እስኪጣበቅ አማስሉት። በደቡብ አፍሪካ ከአጋም የቅርብ ዘመድ እንዲህ ያለ ማርማላታ ይሠራሉ። በድስቱ ዙሪያ የሚቀረውን ሙጫ ውኃ አያስለቅቀውም፥ ዘይት ያስለቅቀዋል። ከእርጎ ጋር ሲበላ ደግሞ፥ በእኔ ግምት፥ ከዳቦው ይሻላል።

ስለ ሥሩ የሚወራውን ግን ተዉት። ለቡዳ ያጥኑታል፥ ማጠኑን እንጃ፤ ቀቅሎ መጠጣት ግን አደጋ አለው። መረንዝ የሚባለው ዛፍ ከዚሁ ቤተ ሰብ ነው፤ ፍሬውም ጥቁርና አጋም መሰል ነው፤ ከእንጨቱ የሚወጣውን መርዝ በምሥራቅ አፍሪካ ቀስት ይቀቡበት ነበር። መለያው እሾህ የሌለው መሆኑ ነው። ትንንሽ ወንድሞችና እኅቶች ያላችሁ ይህን አስተምሯቸው፤ እሾህ ከሌለው ቁጥቋጦ ጥቁር ፍሬ አይቅጠፉ።

ዘንድሮ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ጣፋጭ ነው ከሚሉት ቁጥቋጦ ዘር እንዲያመጡ ጠይቄ በባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ዘርተናል። እስካሁን የበቀሉት አራት ናቸው፤ አንዱን የጎረቤት ፍየል ቀጥፎታል።