የአባዬ ብሮኮሊ

አባዬ የልብ ሕመም አለበት። ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። ባለፈው ዓመት “ከዛሬ ጀምሮ የአባዬን ምግብ የምሠራው እኔ ነኝ” አልኩ። ስለ ብሮኮሊ ጥሩነት አንብቤ ነበርና ከአትክልት መሸጫ ሁለት ራስ ገዝቼ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን አበላሸሁት። ብዙ ውኃ ውስጥ ጥዬ ስለረሳሁት ላመ፤ ቀለሙም ጠፋ። አባዬ በሹካ ነካ አድርጎ “ልጄ፣ ሣር ነው የቀቀልከው?” አለኝ። በኋላ ግን ለመድኩት። አበባውን ገነጣጥዬ በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ለአራት ደቂቃ ብቻ አቆየዋለሁ፤ አረንጓዴነቱ አይጠፋም፤ ውኃ የሚወስደው ቫይታሚን ሲም ብዙው ይተርፋል። ከዚያ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስ ማድረግ ነው። ግንዱም አይጣልም፤ ልጣጩ ተልጦ ከካሮትና ከድንች ጋር አልጫ ይገባል። ደግሞስ የጥቅል ጎመን የቅርብ ዘመድ አይደል?

አባዬ ወደደው። እኔም ደስ ብሎኝ ምሳም እራትም ሳህን ሙሉ አቀርብለት ጀመር።

በወሩ ለምርመራ ሄድን። ሐኪሟ የደም ውጤቱን አይታ ፊቷ ተለወጠ። “አባባ፣ መድኃኒቱን አቋርጠዋል እንዴ?” አለች። “ኧረ አንድ ቀን አላሳለፍኩም!” “ታዲያ አዲስ የጀመሩት ምግብ አለ?” አባዬ ዞር ብሎ አየኝ።

ብሮኮሊ እንደ ጎመን ሁሉ ቫይታሚን ኬ አለው። ይህ ቫይታሚን ደም እንዲረጋ ይረዳል፤ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። እኔ በፍቅር የቆለልኩት ሳህን የአባዬን መድኃኒት ሲያዳክም ከርሟል። “ብሮኮሊው ጠላት አይደለም” አለችኝ ሐኪሟ። “ችግሩ ድንገት መብዛቱ ነው። መጠኑን አትለዋውጥ።”

ታክሲ ውስጥ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። አባዬ ትከሻዬን ይዞ “ለእኔ ብለህ ነው” አለኝ። ይህ ከቁጣ በላይ ከበደኝ።

ዛሬም ብሮኮሊ እንበላለን፤ ከሐኪሟ ጋር በተስማማነው ልክ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጭልፋ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ በቤታችሁ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ድስቱን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። እኔ አባዬን እወደው ነበር፤ መጠየቅን ግን ረስቼ ነበር።