ንጉሠ ነገሥቱ ያሠራው ንቃቃት

ቤጂንግ ወዳለው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ስገባ ዓይኔ የሚፈልገው ዘንዶ የተሳለበትን ሰማያዊና ነጭ ፖርሴሊን ነበር። ዘንዶውን አየሁት፣ ወደድኩት፣ አለፍኩት። አላሳልፍ ያለኝ ሥዕል የሌለበት አመድማ የአበባ ማስቀመጫ ነው። ከአፉ እስከ ግርጌው ነቅቷል!

እኛ ቤት የነቃ ሲኒ ለእንግዳ አይቀርብም፤ እናቴ ካየችው ወዲያው ከረከቦቱ ላይ ታነሳዋለች። እዚህ ግን የነቃው ዕቃ መብራት በርቶለት፣ መስታወት ተከልሎለት፣ ሰው ሊያየው ይጋፋል። እኔም ተጋፍቼ ቀረብኩ። ጥቋቁር መስመሮች ዕቃውን በሰፋፊው ይከፋፍሉታል፤ በመካከላቸው ቀጫጭን ቢጫ መስመሮች ይርመሰመሳሉ። ቻይናዎች «የወርቅ ክርና የብረት ሽቦ» ይሉታል። በጋ ያደረቀው ዋልካ መሬት ነው የመሰለኝ፣ ግን የሚያበራ ዋልካ! ገላው ደህና ነው፤ የነቃው ላዩን የሸፈነው መስታወታማ ልባስ ብቻ ነው።

ለካ ሁሉም ሆን ተብሎ ነው። ማስቀመጫውን ያሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ1723 እስከ 1735 የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ዮንግጄንግ፣ የጥንት ሸክላ ወዳጅ ነበር። የቻይና ሰብሳቢዎች ከጥንቱ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን አምስት ታላላቅ እቶኖች አንዱ የሚሉት የ«ገ» ሥራ ደግሞ ንቃቃቱ ነው ውበቱ። እናም አሮጌዎቹ ዕቃዎች ናሙና እንዲሆኑ ከቤተ መንግሥት ወጡ፤ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በስተደቡብ ያለችው የሸክላ ከተማ ጂንግደጄንም እነሱን አስመስላ እንድትሠራ ታዘዘች። በ1728 ወደዚያ የተላከው ሹም ታንግ ዪንግ ሙያውን አያውቀውም ነበር። ሦስት ዓመት ከሠራተኞቹ ጋር እየበላ፣ አብሯቸው እያረፈ ተማረ። እንዴት ያለ ሹም ነው! በ1735 በጻፈው ዝርዝር የ«ገ» ልባስ በሁለት ቀለም፣ በሩዝማና በፈዛዛ አረንጓዴ፣ እንደሚሠራ አስፍሯል። አስመስለው ከተሠሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ ከግርጌያቸው የዮንግጄንግን ዘመን ስም በሰማያዊ ይዘዋል። ጥንታዊ ነን ብለው አያታልሉም፤ ጥንቱን ማክበራቸውን በግልጽ ይናገራሉ። ይህን ሳውቅ ፍቅሬ ጨመረ።

አላስቻለኝም፤ ጂንግደጄን ወረድኩ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ገና ያልቀዘቀዘ ጎድጓዳ ሳህን ከእቶን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ጆሮዋን በጣቷ አሳየችኝ። ቲንግ! ደግሞ ቲንግ! ቲንግ ቲንግ! ልባሱ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ካለው ገላ አብልጦ ይኮማተራል፤ ሲወጠር ይነቃል፣ ሲነቃ ይጮኻል። ንቃቃት ድምፅ እንዳለው ማን ነገረኝ! ከዚያ ብሩሽ አንስታ ጥቁር ቀለም ቀባችው፤ አፍታ ቆይታ በጨርቅ ስትጠርገው ገጹ ነጣ፣ ስንጥቁ ግን ቀለሙን ጠጥቶ ቀረ። እጆቼን አጨበጨብኩ፤ እሷም ሳቀች። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ቀስ ብለው በኋላ እንደሚመጡ በምልክት አስረዳችኝ።

ቀጥዬ የምሄደው ሃንግጆ ነው። የደቡብ ሶንግ ነገሥታት እቶን በተቆፈረበት ሥፍራ ሙዚየም ተሠርቷል፤ የጥንቱን ዘመን ንቃቃት እዚያው በተወለደበት አፈር ላይ ላየው ነው። የባቡር ቲኬቴን ቆርጫለሁ።