ወንዶቹ ከአናት ላይ

ከኮረም እስከ ሰቆጣ ያለው መንገድ አቧራና ጠመዝማዛ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። ሰቆጣ ስገባ ያገኘኝ ሁሉ «ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሳታይ እንዳትሄድ» ይለኛል። አየሁት፤ ድንቅ ነው። ልቤ ግን ከከተማው በላይ ካለው ተራራ ላይ ነበር። በማግስቱ ረቡዕ ነውና ሳልቀምስ ዳገቱን ጀመርኩ። ነፋሱ መረቤን እየገለበጠ አናደደኝ።

አናቱ ላይ በግ የሚጠብቁ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ምን ልትሠራ መጣህ ልጄ?»

«ዝንብ ልይዝ ነው አባባ።»

«ለዝንብ ብለህ ይህን ዳገት? እኔ ቤት ብትመጣ ከነዘመዶቿ እሰጥህ ነበር!»

የቤቷ አይደለችም አልኳቸው። የብዙ ዝንብ ዘር ወንዶች ወደ ተራራ አናት ይወጣሉ። እያንዳንዱ ድንጋዩን ይዞ፣ የመጣበትን ወንድ እያባረረ ሴት ይጠብቃል። ሴቷ መጥታ ተገናኝታ ትወርዳለች። ለዚህ ነው መረቤ ወንድ በወንድ የሚሞላው።

«የጥምቀት ጎረምሶች በላቸዋ» አሉ።

ሂዩ ስኮት የሚባል ብሪታንያዊ እ.ኤ.አ. በ1926 ዝቋላና ጭላሎ፣ በ1952 ደግሞ ስሜን ድረስ ወጥቶ ነፍሳት ሲለቅም ነበር። እሱንስ ሽማግሌዎቹ ምን ብለውት ይሆን?

ረፋዱ ላይ ራሱ ትልቅ፣ ግራጫ ዝንብ ያዝኩ። የበግ አፍንጫ ዝንብ! ካደገ በኋላ እህል ውሃ አይቀምስም፤ በትልነቱ ባጠራቀመው ስብ ብቻ ይኖራል።

«ካንተ የባሰ ጾመኛ» ብለው ሳቁ፤ ሆዴ ሲጮህ ሰምተዋል መሰለኝ።

ሳቃቸው የቆመው ቀሪውን ስነግራቸው ነው። ሴቷ እየበረረች ጥቃቅን ትሎቿን ከነሕይወታቸው በበግ አፍንጫ ላይ ትጥላለች። በጎቹ ፊታቸውን መሬት ላይ ደፍተው የሚተፋፈጉት እሷን ሲሸሹ ነው። ትሎቹ እዚያው አፍንጫ ውስጥ ያድጉና በጉ ሲያስነጥስ መሬት ይወድቃሉ፤ አፈር ውስጥ ገብተው ዝንብ ይሆናሉ።

«ትሏንማ በግ ባረድኩ ቁጥር ከራሱ ውስጥ አገኛታለሁ። እናትየዋ ግን ይቺ ናት?»

«ይሄ ወንዱ ነው አባባ። በጉን አይነካም።»

«አባትየው ነዋ! አምጣው ያን መረብ።»

ያለኝ መረብ አንድ ነው፤ አልሰጥም አልኩ። ሁሉንም ብንይዝ እንኳ ከሌላው ተራራ ይመጣሉ ብዬ ብከራከርም አልሰሙኝም። በነጠላቸው አንዱን ሊመቱ ተነሡና ሳቱት። ቁልቁለቱን ስንወርድ በኽምጣንኛ ለበጎቻቸው ብዙ ነገር ሲያወሩ ነበር፤ ስለኔ መሆኑን ሳልጠይቅ አውቄዋለሁ።